ስለ ተባይ መርዝ፣ ስለ ጉበትና ስለ ፍራፍሬ
ለወለጋ ገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



የእርሻ ሰው ስለ ጉበት ምን አገባው እንዳትሉኝ። በጀርባችሁ አዝላችሁ የምትረጩት ነገር ከማሳው አልፎ ወደ ሰውነታችሁ ይገባልና ነገሩ የእርሻም ነው።

ነጩ የማንጎ ተባይ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ2002 ዓ.ም. እዚሁ በምሥራቅ ወለጋ፣ በጉቶ ጊዳ ወረዳ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ መጤው ተምች ገብቶ በቆሎአችንን ወረረ። በዚህም ምክንያት ብዙ ገበሬ መርጫ አነሣ። የምንረጨውን በልማድ «መድኃኒት» እንለዋለን፤ ለሰው ግን መርዝ ነው።

በአፍ፣ በቆዳ ወይም በትንፋሽ የገባውን መርዝ ተቀብሎ የሚያብላላው ጉበት ነው። ማላታዮን፣ ለምሳሌ፣ ጉበት ሲደርስ ከፊሉ ከቀድሞው ወደ ባሰ መርዝ ይለወጣል። በዚህ ጊዜ ዝገት ብረትን እንደሚበላ ሁሉ የጉበትን ሕዋሳት የሚጎዱ ነገሮች ይፈጠራሉ። ሰውነት እነዚህን የሚያበርድበት የራሱ መከላከያ አለው፤ በፍራፍሬ ውስጥ ያሉት ቫይታሚን ሲና ካሮቲንም ያግዙታል። 100 ግራም ዘይቱን (ጓቫ) 228 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ አለው፤ ብርቱካን 53፣ ማንጎ 36 ያህል። ለትልቅ ሰው በቀን ከ75 እስከ 90 ሚሊ ግራም ይበቃዋል። ስለዚህ በጓሮ ያለ አንድ የዘይቱን ዛፍ ለቤተ ሰብ ትልቅ ሀብት ነው።

በቤተ ሙከራ መርዝ የተሰጣቸው አይጦች ቫይታሚን ሲ ወይም የፍራፍሬ ጭማቂ ሲጨመርላቸው የጉበታቸው ጉዳት ቀንሶ ታይቷል። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ማንጎ በልቼ ብረጭ ምን ይነካኛል?» ቢል ግን ይሳሳታል። ለአይጧ መርዙም ጭማቂውም ተመጥኖ ነው የተሰጣት፤ ለረጪው ገበሬ የሚመጥንለት የለም። ደግሞም ማላታዮንና መሰሎቹ ፈጥነው የሚገድሉት በነርቭ በኩል ነው። ይህንን ፍራፍሬም፣ ሎሚም፣ ወተትም አይመልሰውም።

ከረጨ በኋላ ላብ ያጠመቀው፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ የሚያስመልሰው፣ የዓይኑ ብሌን የጠበበ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ካያችሁ፣ በእጃችሁ ላይ ጓንት ወይም ፌስታል አድርጋችሁ ልብሱን አውልቁለት፤ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፤ የመርዙን ማሸጊያ ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል አድርሱት። ሐኪሙ አትሮፒን የሚባል ማርከሻ አለው። «ወተት እናጠጣው» እያላችሁ ጊዜ አታጥፉ።

ሌላም አስቡ። በመርጨት መካከል ዕረፍት አድርጎ ባልታጠበ እጁ ማንጎ የሚበላ ሰው ፍሬውን ከነመርዙ ይበላል። ጉበቱን ይጠብቅልኛል ያለው ፍሬ መርዙን አጉራሽ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

በመጀመሪያ ሳይረጩ የሚቻለውን ሥሩ። ተባይ የያዘውን የማንጎ ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ አቃጥሉ፤ ለዛፉ ብርሃንና አየር ይግባለት።

መርጨት ግድ ከሆነ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ እጅጌው ረጅም ልብስና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይኑራችሁ። ነፋስን ከኋላችሁ አድርጉ። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች አይቅረቡ።

ከተረጨ ዛፍ ፍሬ ከመልቀማችሁ በፊት በማሸጊያው ላይ የተጻፈው የቀን ቁጥር ይሙላ፤ ፍሬውንም አጥባችሁ ብሉ። በባዶው ዕቃ ውሃም ሆነ ዘይት አትቅዱበት።

እናንተ የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ገበሬው ማሸጊያውን ማንበብ ካልቻለ በአፋን ኦሮሞ አንብባችሁ አስረዱት። መጠኑንና የቀኑን ቁጥር መልሶ ይንገራችሁ፤ ካልነገራችሁ እንደገና አስረዱት።

ፍራፍሬውን በየቀኑ ብሉ፤ አስቀድማችሁ ግን እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።