የመጀመሪያዋ ጥይት

(የሰዓት ጩኸት፤ ተከታታይ ተኩስ)

በ1976 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሚዙሪ በተመሠረተው የተግባራዊ ተኩስ ውድድር ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ በአይፒኤስሲ፣ ደንብ፣ ተኳሹ ያገኘው ነጥብ ለፈጀበት ሰከንድ ይካፈላል። መዘግየትም መሳትም ያስከፍላል።

“ፕሮዳክሽን” በሚባለው ምድብ፣ መዶሻው ከውጭ የሚታይ ሽጉጥ የያዘ ተወዳዳሪ መዶሻውን ሙሉ በሙሉ አውርዶ መጀመር አለበት። የደብል አክሽን ጣጣ እዚህ ላይ ነው። ምላጩ መዶሻውን ራሱ አንስቶ ስለሚለቀው የመጀመሪያው ስበት ረጅምና ከባድ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ኋላ የሚንሸራተተው የላይኛው ክፍል በየተኩሱ መዶሻውን ስለሚያነሳ ስበቱ አጭርና ቀላል ይሆናል። አንድ መሣሪያ፣ ሁለት ጠባይ።

ስለዚህ ገዢ የሽጉጡን ስም ከመጠየቁ በፊት ጣቱን ይለካ። መዶሻው ወርዶ ሳለ ምላጩ ወደ ፊት ራቅ ብሎ ይቆማል፤ እጁ ትንሽ የሆነ ሰው በወጉ ካልደረሰበት፣ ሽጉጡ የቱንም ያህል ቢወደስ አይሆነውም።

ከጣት ቀጥሎ ክብደት ነው። የቼኩ ሲዜድ ሻዶው 2 ሽጉጥ ባዶውን 1.3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ለወገብ ሸክም ነው፤ ለውድድር ግን ክብደቱ አፈሙዙ ብዙ እንዳይዘል ስለሚይዘው ሁለተኛዋ ጥይት ቶሎ ትከተላለች።

መዶሻ ማውረዱስ? የጣሊያኑ ቤሬታ 92 ኤፍኤስ ለዚሁ የተሠራ ማውረጃ አለው። ሻዶው 2 በመደበኛ ሥሪቱ የለውም፤ ተኳሹ አፈሙዙን ጥይት ወደሚያቆመው የአፈር ክምር አዙሮ፣ ጥይት የጎረሰውን ሽጉጥ ምላጭ እየሳበ መዶሻውን በአውራ ጣቱ ቀስ አድርጎ ያወርዳል። ጀማሪ ይህን ቢፈራ አይፈረድበትም።