ለድሬዳዋ መንገድ ጎማ ስንመርጥ

«ለሁሉም ወቅት» የሚባሉትን የፈጣን መኪና ጎማዎች ስናነጻጽር፣ አስቀድመን «የማን ወቅት?» ብለን እንጠይቅ። ስያሜው የመጣው ክረምታቸው በረዶ ከሆነ አገሮች ነው፤ ላስቲኩም በብርድ ጠንክሮ እንዳይቀር ሆኖ ይቀመማል። የድሬዳዋ ፈተና ግን ሙቀትና ድንገተኛ ዝናብ ነው።

ስለዚህ በብዙ ጎማዎች ጎን የሚገኙ ሦስት ምልክቶችን እንድታነቡ አሳስባለሁ። አንደኛው ከኤ እስከ ሲ የሚሰጠው የሙቀት ደረጃ ነው፤ ሙቀትን ይበልጥ የሚቋቋመው ኤ ነው። ይህም ደረጃ የሚሠራው የጎማው ንፋስ ልክ ሲሆንና ጭነቱ ከመጠን ሳያልፍ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ከኤኤ እስከ ሲ፣ መንገድ የመያዝ አቅም ነው። የሚለካው በእርጥብ መንገድ ቀጥታ ፍሬን ሲያዝ በመሆኑ፣ በደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ጎማው ኩርባውን እንዴት እንደሚይዝ አይነግረንም።

ሦስተኛው የተመረተበት ጊዜ ነው። «2319» ማለት የ2019 23ኛ ሳምንት ነው፤ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጆች ነው። በእኛ 2011 ዓ.ም. ይሆናል። ይህን ያልለየ ገዢ፣ ጥርሱ ያልተነካ ነገር ግን ላስቲኩ ያረጀ ጎማ እንደ አዲስ ይገዛል። ሙቀት ደግሞ እርጅናውን ያፋጥናል።

ከስያሜው ይልቅ እነዚህን ሦስቱን እመኑ እላለሁ።