የሞተሩ እንግዳ ድምፅ፦ ከመፍታት በፊት ማዳመጥ

(በአቃቂ ቃሊቲ ለማኅበራችን ለጋሾችና ለየቲም ቤተሰቦች በተዘጋጀ መድረክ የቀረበ ንግግር)



የተከበራችሁ ለጋሾቻችን፣ ውድ እናቶችና አሳዳጊዎች፤

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለዚህ መድረክ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ስለ አንዲት አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነውና። ሆኖም ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ የየቲሞችን ቤት የምንጎበኘው፣ መድኃኒትና ደብተር የምናደርሰው በእርሷ ነው። በሰኔ 2011 ዓ.ም. መጨረሻ በከተማችን ያለ ልዩ ፈቃድ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ከታገደ ወዲህ ደግሞ በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። የምትጠገነውም እናንተ በአደራ በሰጣችሁን ገንዘብ ነው።

ክረምቱ እንደወጣ አንድ ማለዳ ሞተሩ ሲነሣ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ደረቅ ድምፅ ማሰማት ጀመረ። በመጀመሪያ ያማከርነው ባለሙያ ጥቂት አዳምጦ «ቢዬላው ተበልቷል፤ ሞተሩ ይውረድ» አለን። ሞተር ማውረድ ብዙ ወጪ አለው፤ ወጪው ደግሞ ለልጆች ዩኒፎርም ከተያዘው ገንዘብ የሚቀነስ ነበር። በሌላ በኩል ቢዬላው በእርግጥ ተበልቶ ከሆነ፣ ችላ ብሎ መንዳት ሞተሩን በድንገት አንቆ ነጂውን በቃሊቲ ከባድ መኪኖች መካከል ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ መቸኮልም መዘናጋትም አልበጀንም፤ መመርመር ግድ ሆነ።

በሙያው ያረጁ አንድ አባት ዘንድ ሄድን። እርሳቸውም «ብረት ከመፍታታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ» አሉን።

አንደኛ፣ ዘይት አለው ወይ? አሮጌ ሞተር ዘይት ይበላል፤ ዘይት ሲጎድል ብረት ከብረት ይፋጫል። ሞተሩን አጥፍተን፣ ብስክሌቷን ቀጥ አድርገን አቁመን ለካን። ዘይቱ በቂ ነበር፤ የብረት ብናኝም አልታየበትም።

ሁለተኛ፣ ድምፁ መቼ ይሰማል? ብስክሌቷ ቆማ ማርሽ ሳይገባ የሚሰማ ድምፅ ከሰንሰለት ወይም ከጎማ ኩሽኔታ አይመጣም። ፍሪሲዮን ሲያዝ የሚለወጥ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፍሪሲዮኑና ወደ ካምቢዮው ያመራል። የእኛው ቆማም ይሰማል፤ ፍሪሲዮን ቢያዝም አይለወጥም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይበረታል፣ ሲሞቅ ግን ይደክማል።

ሦስተኛ፣ አመታቱ እንዴት ነው? በባለ አራት ምት ሞተር እያንዳንዱ ቫልቭ የሚከፈተው ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የቫልቭ ድምፅ ቀለል ያለና ከሞተሩ ዙር በግማሽ የዘገየ ነው። የቢዬላ ድምፅ ግን ከታች የሚመጣ፣ ጭነት ሲበዛ የሚከብድ ወፍራም ድብደባ ነው። የእኛው ቀላልና ዘገምተኛ ነበር። በቢዬላው ላይ የነበረን ጥርጣሬ በዚህ ቀለለ።

አራተኛ፣ ከየት ይመጣል? አዛውንቱ የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በሞተሩ አካል ላይ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ሥር አስደግፈው ከታች እስከ ላይ አዳመጡ። ድምፁ የጎላው ከላይ፣ በቴስታታው አጠገብ ነበር። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ የቫልቮቹን ክፍተት ለኩ። ይህ ክፍተት በብዙ ትናንሽ ሞተሮች ከ0.05 እስከ 0.10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እርሱም ትክክል ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ጊዜ በዚያው ጋራዥ ሙያ የሚማር ከልጆቻችን አንዱ ጎንበስ ብሎ ሲመለከት፣ የጭስ ማውጫው ቱቦ ከቴስታታው በሚጋጠምበት ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት አየ። ቀዝቃዛው ሞተር እንደተነሣ እጁን ሳያስነካ አቀረበ፤ በየምቱ ትንፋሽ መታው። «የሚተነፍሰው እዚህ ጋ ነው» አለ።

ምክንያቱ ይህ ነበር። የኮብልስቶኑ መንገድ መንቀጥቀጥ የቱቦውን ዳዶዎች አላልቷል፤ ጓርኒሲዮን የሚባለው ማሸጊያም ተቃጥሏል። ጭሱ በቀጭን ቀዳዳ ሲያመልጥ እንደ ብረት ምት ይሰማል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ስለሚሰፋ ቀዳዳው ይጠብባል፣ ድምፁም ይቀንሳል። አንድ ማሸጊያ ተገዛ፣ ዳዶዎቹም እኩል ተጠበቁ፤ ድምፁ ጠፋ። የዩኒፎርሙም ገንዘብ ሳይነካ ለልጆቹ ዋለ።

ውድ ወገኖቻችን፤

በየቤታችሁ በሞተር ብስክሌት የሚተዳደሩ ልጆችና ወንድሞች አሉና ይህን ንገሩልን። ወፍራም ድብደባ ከታች ከተሰማ ወይም ዘይት ከጎደለ ወዲያው ሞተሩ ይጥፋ፤ እየገፉ መውሰድ ይሻላል። ጭስ የሚያፈስ ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሣ፤ ሽታ የሌለው መርዝ በጭሱ ውስጥ አለና ሰው ይገድላል። ከዚያ በተረፈ ግን ወጪ የማይጠይቀው ምርመራ ይቅደም፤ ትልቁ ፍርድ በመጨረሻ ይምጣ።

እኛም ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጥገና ከመክፈላችን በፊት ምክንያቱን በዓይናችን ለማየት ወስነናል። የተሰጠን አደራ ነውና፣ አደራ ደግሞ በግምት አይወጣም።