ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ውሻ በሙቀት እንዳይሞት ስለ መጠበቅ

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ሰውን ከሚያገለግሉት እንስሳት መካከል እንደ ውሻ ዋጋው ያነሰ፣ ትጋቱም የበዛ የለም። ላረሰ በሬ ድርቆሽ ይቀርብለታል፤ ለተጋለበ ፈረስ ገብስ ይሰፈርለታል። ውሻ ግን ሌሊቱን ሙሉ በረት ሲጠብቅ አድሮ ጧት የሚያገኘው ፍርፋሪ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» መባሉም ጥቂት ለሰጠው ቤት እንኳ ታማኝነቱን ስለማያጓድል ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ይህ ታማኝ አገልጋይ ከጌታው ጋር ወደ ቆላ ወርዶ በሰፈር በሚያድርበት ጊዜ በሙቀት እንዳይሞት ሊደረግ የሚገባውን ማስረዳት ነው።

በአዊ ምድር ደጋና ቆላ ተጎራብተው ይገኛሉ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ይላል፤ ዳንግላ 2,100 ሜትር ያህል ነው፤ የጃዊ ቆላና የበለስ ወንዝ ዳር ግን ከ1,500 ሜትር በታች ነው። የአየር ጠባይ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ 1,000 ሜትር ቁልቁል በተወረደ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ በእንጅባራ ብርድ ያደገ፣ ጠጉሩም ጥቅጥቅ ያለ ውሻ በመጋቢትና በሚያዝያ ከከብት ነጂ ወይም ከሥራ ፈላጊ ጋር ወደ ጃዊ ሲወርድ፣ ሰውነቱ ፈጽሞ ከማያውቀው አየር ይገባል።

እንስሳን ወዳልለመደው አገር ማግባት የሚያስከትለውን ጉዳት ይህ አካባቢ አስቀድሞ አይቶታል። በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ጠረፍ ተነሥተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ የሠራዊቱን ስንቅና ጥይት ጭነው ከሱዳን የመጡት ግመሎች በሺህ እየተቈጠሩ በመንገድ አለቁ። በረሓ የለመደውን ግመል ዳገቱ፣ ብርዱና ድካሙ ጣሉት። ደጋ የለመደውንም ውሻ የቆላው ሐሩር እንደዚሁ ይጥለዋል።

ምክንያቱ በውሻ አፈጣጠር ላይ ነው። ሰው ሲሞቀው መላ ሰውነቱ ያልበዋል፤ ላቡም ሲደርቅ ገላውን ያቀዘቅዘዋል። ውሻ ግን የሚያልበው በመዳፉ ሥር ብቻ ስለ ሆነ ይህ አይበቃውም። ስለዚህ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ቶሎ ቶሎ በማለክለክ ሙቀቱን ከእስትንፋሱ ጋር ያወጣል። የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ ከ41 ሲያልፍ አንጎሉ፣ ኩላሊቱና አንጀቱ ይጎዳሉ። ይነክሳል ተብሎ አፉን በገመድ አስሮ በፀሐይ ማቆየት እንግዲህ መግደል ማለት ነው፤ ማለክለክ አይችልምና።

ከመንገድ በፊት የሚደረገው ይህ ነው። ውሻው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ይወጋ። ያረጀ፣ የታመመ፣ እርጉዝ የሆነች ወይም ገና ቡችላ የሆነ ከቤት ይቅር። ጉዞው ከጎሕ መቅደድ ጀምሮ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ ደግሞም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። የመሬቱን ግለት ለማወቅ የእጅን ጀርባ በአሸዋው ወይም በአስፋልቱ ላይ ጥቂት አሳርፎ መፈተን ነው፤ እጅ ያልቻለውን የውሻ መዳፍም አይችለውም። በጭነት መኪና የሚሄድ እንደ ሆነ፣ አየር በማይገባበት ሸራ ሥር ወይም መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ አይተው። የደጋ ውሻ ሙቀቱን እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈጅበት፣ በነዚያ ቀናት በቀትር አይሩጥ፤ ከብትም እንዲመልስ አይላክ።

ሰፈር በተደረገበት ስፍራ ውሻው ከድንኳኑ ውስጥ ይልቅ በዛፍ ጥላ ወይም ነፋስ በሚያሳልፍ ዳስ ሥር ቢሆን ይሻላል፤ የድንኳን ውስጥ በቀትር ከውጭው ይብስ ይግላልና። የታሰረም እንደ ሆነ ጥላ እንደሚዞር መዘንጋት አይገባም፤ ጧት ጥላ የነበረው ስፍራ ከቀትር በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። ክብደቱ 20 ኪሎ የሚሆን ውሻ በቀዝቃዛ ቀን 1 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃዋል፤ በሐሩርና በድካም ጊዜ ግን ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የውሻው ድርሻ ከሰዎቹ ውኃ ጋር ታስቦ ይቀዳ። አተላ መጠጥነት ስላለው በውኃ ፋንታ አይሰጥ። ይቀዘቅዝለታል ብሎ ጠጉሩን እስከ ቆዳው መላጨትም ስሕተት ነው፤ ጠጉሩ ከፀሐይ ቃጠሎ ይጋርደዋል። ማታ ማታ ጆሮውና የጣቶቹ መካከል ስለ መዥገር ይታይ። በበለስ ቆላ የሚገኘው የገንዲ በሽታም ከብትን ብቻ ሳይሆን ውሻንም እንደሚይዝ ይታወቅ።

ሙቀት የመታው ውሻ ያለ ልክ ያለከልካል፤ ለሐጩ ይወፍራል፤ ድዱ ቀይ ይሆናል፤ ያስመልሰዋል፤ ይንገዳገዳል፤ በመጨረሻም ይወድቃል። በዚህ ጊዜ ወደ ጥላ አግብቶ ሰውነቱን ሁሉ፣ ይልቁንም ሆዱን፣ ብብቱንና መዳፎቹን በውኃ ማራስና በጨርቅ ወይም በቅጠል ማራገብ ነው። ነፍሱን የሚያውቅ ከሆነ ውኃ ጥቂት በጥቂት ይቅረብለት፤ ካላወቀ ግን ወደ ሳንባው ይገባልና በአፉ አይፍሰስበት። ማቀዝቀዙ ይቅደም፤ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰዱ ይከተል። ቢሻለውም እንኳ የውስጥ ጉዳቱ ዘግይቶ ሊታይ ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ለሐጩ የሚዝረበረብና የሚንገዳገድ ውሻ ሲታይ «አብዷል» ተብሎ በድንጋይ ይገደላል። በጥንት ዘመን ሮማውያንም በአገራቸው የሙቀት ወራት የሚወጣው የውሻ ኮከብ ውሾችን ያሳብዳል ይሉ ነበር። ነገሩ እንዲህ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ከፀሐይ፣ ከጥማትም ሆነ ከረኃብ አይመጣም፤ በታመመ እንስሳ ምራቅ የሚተላለፍ ረቂቅ ተሕዋስ ያመጣዋል፤ በደጋም በቆላም ይገኛል። ሙቀት የመታው ውሻ አስቀድሞ በፀሐይ የደከመ ነው፤ በጥላና በውኃም ብዙ ጊዜ ይሻለዋል። ያበደው ጠባዩና ድምፁ ይለወጣል፤ መዋጥ ያቅተዋል፤ ያለ ምክንያትም ይናከሳል።

ይሁን እንጂ ሁለቱን መለየት አንዳንድ ጊዜ ለሐኪምም ያስቸግራል። ባለቤቱ ያልታወቀ፣ ያልተከተበ ወይም በሌላ ውሻ የተነከሰ እንደ ሆነ፣ ማንም እጁን ሳያቀርብ ውኃውን ከሩቅ ይርጭበት፤ ልጆችም ይራቁ። ሰው ከተነከሰ ወይም ምራቁ ቍስሉን ከነካው፣ ቍስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታ ነው። ሉዊ ፓስተር በ1877 ዓ.ም. በእብድ ውሻ የተነከሰውን ልጅ በክትባት ካዳነ ወዲህ መድኃኒቱ ታውቋል፤ ነገር ግን የሚያድነው ምልክቱ ሳይታይ ሲወሰድ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ መምህራን ይህን ለተማሪዎች ከየካቲት በፊት ያስተምሩ፤ ከብት ይዘው የሚወርዱት አብዛኛውን ጊዜ ወጣቶች ናቸውና። ሽማግሌዎችም መንገደኛን መርቀው ሲሸኙ «የውሻውን ውኃ ይዛችኋልን?» ብለው ይጠይቁ። ሌሊት በቆላ ሰፈር ጅብ ሲመጣ ነቅቶ የሚጮኸው እርሱ ነውና፣ ቀን በሐሩር ጊዜ ለእርሱ ጥላና ውኃ ማሰብ ለከብቱም ለሰውም ጥቅም ነው።