የቆመው ተዳፋት መቼ ይሮጣል?
በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር



ዕለቱ የደስታ ቢሆንም ንግግሩ የሚነሣው ከሐዘን ነው። ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከከባድ ዝናብ በኋላ ናዳ ወርዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ፣ ያጣውም በእጁ፣ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ ወረደበት። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ሐምሌ 18 ቀን በሰጠው መግለጫ የሟቾቹ ቁጥር 257 ደርሶ ነበር። ብዙዎቹ ለእርዳታ የደረሱ ነበሩ። ከእነርሱም መካከል መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች ይገኙባቸዋል።

ለወገን መድረስ ጥፋት ሊባል አይችልም። ነገር ግን ናዳ አንድ ጊዜ ሲወርድ ከላይ የቀረው ግድግዳ ከሥሩ የሚደግፈው ነገር አይኖረውም፤ ዝናቡም ገና አላበቃም። ታዲያ ተዳፋቱ መቼ እንደሚለቅ፣ ከለቀቀም በኋላ እስከየት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልን? በየዩኒቨርሲቲው ለሦስተኛ ዲግሪ ስለ ናዳ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች ዓመታት የሚፈጁበት ጥያቄ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ሥሌቱ ከመጋዘን ሚዛን ብዙም አይርቅም። በአንደኛው ወገን አፈሩን ወደ ታች የሚጎትተው ክብደት፣ በሌላው ወገን አፈሩ እርስ በርሱና ከሥሩ ካለው አለት ጋር የሚያያዝበት ጉልበት ይቀመጣል። ያዡ ለጎታቹ ሲካፈል ውጤቱ ከ1 በላይ ከሆነ መሬቱ ይቆማል፤ ከ1 በታች ከወረደ ይንሸራተታል። ውኃ ሚዛኑን የሚያዛባው በክብደቱ ብቻ አይደለም። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ገብቶ ሲሞላ ይገፋቸዋል፣ መያያዛቸውንም ያላላል። ክረምቱን ሁሉ የቆመ ተዳፋት በክረምቱ መጨረሻ የሚሄደውም ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። በደብረ ሲና አቅራቢያ ቤትና እርሻ ያጠፋው መንሸራተት የደረሰው በመስከረም ወር 1998 ዓ.ም. መሆኑን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ክፍል ይከብዳል። አንዱ መሬት በዝግታ ተንሸራቶ ይቆማል፤ ሌላው ድንጋይና ጭቃ አዝሎ እንደ ደራሽ ይሮጣል። ልዩነቱን ለማየት የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት በኦሪገን ጫካ ውስጥ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991፣ 95 ሜትር ርዝመትና 2 ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት ቦይ በተራራ ጎን ላይ ሠራ። ሪቻርድ አይቨርሰንና ባልደረቦቹ እዚያው አፈር እየከመሩና እያረጠቡ ለቀቁት። በ2000 ያሳተሙት ውጤት የሚያስደንቅ ነው። ልል አፈር ሲንሸራተት ስለሚጨመቅ በውስጡ ያለው ውኃ መውጫ ያጣል፤ አፈሩም በአንድ ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይሮጣል። ጠቅጠቅ ያለው ግን ሲንሸራተት ስለሚሰፋ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ራሱን ይይዛል፣ በዝግታም ይሄዳል። አፈሩ ያው፣ ተዳፋቱም ያው ነው፤ የተለየው አጠቃጠቁ ብቻ ነው።

ተመራማሪው ይህን ሁሉ በኮምፒውተር አስገብቶ ካርታ ያወጣል። ካርታው እውነት መሆኑ የሚፈተነው ግን ቀድሞ በወረደ ናዳ ነው፤ ሥሌቱ የትናንቱን በትክክል ካልደገመ የነገው አይታመንም። እዚህ ላይ የአርሶ አደሩ ዕውቀት ከማንኛውም መሣሪያ አያንስም። አባቶች «ያ ቋጥኝ በየትኛው ዘመን መጣ?» ተብለው ሲጠየቁ መልስ አላቸው። በማሳ መካከል ብቻውን የተቀመጠ ትልቅ ድንጋይ በብዙ ቦታ የጥንት ደራሽ የደረሰበት ምልክት ነው። መጋዘን ለመሥራት «ሜዳ ነው፣ መንገድም ይቀርበዋል» ተብሎ የሚመረጠው የሸለቆ አፍም ብዙ ጊዜ ያ ደራሽ የዘረጋው ደለል ነው። ቦታ የሚፈቅዱ አመራሮች ይህን ሳይመለከቱ ፊርማ ባያሳርፉ ይበጃል።

የግብርና ባለሙያዎችን የሚነካ አንድ ጉዳይም አለ። ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው ምክር ዝናቡን በወደቀበት ማስቀረት ነው። ለደረቀ ማሳ ትክክል ነው፤ አርሶ አደሩም በእርከኑ ተጠቅሟል። ነገር ግን በተሰነጠቀ ተዳፋት ላይ ውኃ የሚያቁር እርከንና ጉድጓድ መቆፈር ሚዛኑን ወደ 1 መግፋት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ከስንጥቁ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ተቆፍሮ ውኃው ወደ ጽኑ ተፋሰሻ መሸኘት አለበት፤ ስንጥቁም ውኃ እንዳይገባበት በሸክላ አፈር ይደፈናል። በወረዳ የታቀደው የእርከን ኪሎ ሜትር ሊጓደል ይችላል፤ ይጓደል።

ምልክቶቹን አባላት ያውቋቸዋል፦ በተዳፋቱ አናት ላይ እንደ ማጭድ የቀለሰ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ዛፍ፣ በድንገት የደፈረሰ ወይም ቦታ የቀየረ ምንጭ። ዝናብ እየዘነበ የወንዝ ውኃ በድንገት ቢጎድል ከላይ ናዳ ገድቦት ሊሆን ስለሚችል ወደ ወንዙ መውረድ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ መሸሽ ነው። ናዳ ወርዶ ሰው ቢቀበርም ከቆፋሪዎቹ በፊት ሁለት ሰዎች የላይኛውን ስንጥቅ በግልጽ ከሚያዩበት፣ ከናዳው መንገድ ውጭ ካለ ስፍራ ቆመው እንዲጠብቁ፣ ሲጮኹም ሁሉም እንዲሸሽ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል።

የተመራማሪዎቹ ትልቁ ችግር የዝናብ መረጃ ነው። ጣቢያዎቹ የተራራቁ ናቸው፤ በከተማው ያልዘነበ በተራራው ሊወርድ ይችላል። አንድ የዝናብ መለኪያ በየማኅበሩ መጋዘን አጠገብ ገላጣ ስፍራ ላይ ተተክሎ፣ ጸሐፊው በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት አንብቦ በደብተር ቢመዘግብ፣ የስንጥቁንም ስፋት በሁለት ችካሎች መካከል በሜትር እየለካ ጎን ለጎን ቢጽፍ ለጥናቱም ለቀበሌውም ይሆናል። ደብተሩ ከሰኔ በፊት ይከፈት።