የዩኒየን መኪና ካሶኒ ከዝገት የሚጠበቀው እንዴት ነው?

(በምሥረታ በዓሉ ላይ የቀረበ ንግግር)



በምሥረታ በዓል ላይ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለተገዛው መኪና ነው። ከተገዛ በኋላ ስለሚዝገው ካሶኒ ግን እምብዛም አይወራም። መኪናው በአባላት ዕጣ የተገዛ ሀብት እንደመሆኑ፣ የካሶኒው ወለል ሲበሳ ጉዳቱ የሚደርሰው በአባላት ኪስ ላይ ነው።

ከጣርማ በር ወደ መዘዞ፣ ሞላሌና መሐል ሜዳ የሚወስደው መንገድ ብርድና ጉም የሚበዛበት ደጋ ነው። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ የሚሄደው ደግሞ የጀማን ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል። በዳገቱና በቁልቁለቱ ጭነት እየተንሸራተተ ቀለሙን ይፍቃል፤ ላሜራውም ይራቆታል።

የተራቆተ ላሜራ ክፉ ጠላቱ ማዳበሪያ ነው። ዩሪያም ሆነ ኤንፒኤስ ከአየር እርጥበት ይስባሉ። የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ዩሪያ መሟሟት ይጀምራል። ከተቀደደ ከረጢት የፈሰሰው ፍሬ በላሜራው መጋጠሚያ ገብቶ ጤዛ ሲያገኘው ብረቱን መብላት ይጀምራል። የአፍዴራ ጨው የተጫነበት ካሶኒም እንደዚሁ ነው። የዛገው ወለል በተራው ሌላ ከረጢት ይቀድዳል፤ ጥፋቱም በዚሁ ይቀጥላል።

ለዚህ ችግር በውጭው ዓለም የተለመደው መፍትሔ ካሶኒውን ፖሊዩሪያ ወይም ፖሊዩሬቴን በተባለ ጠንካራ ልባስ መሸፈን ነው። በተለይ ፖሊዩሪያ ሁለት ፈሳሾች ተሞቀው በከፍተኛ ግፊት ሲረጩና ሲቀላቀሉ የሚፈጠር ሲሆን፣ በሰከንዶች ውስጥ ይጠጥራል። ተራ ቀለም አንድ ጊዜ ሲቀባ ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የማይበልጥ ሲሆን፣ የዚህ ልባስ ግን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የመርጫ ማሽን በሌለበት ቦታ በብሩሽ ወይም በሮለር የሚቀባ፣ ከማጠንከሪያው ጋር የሚደባለቅ እፖክሲ መጠቀም ይቻላል።

ይሁን እንጂ ልባሱ ምንም ያህል ውድ ቢሆን በዝገት ላይ ከተቀባ ገንዘቡ ባከነ ማለት ነው። ዝገቱ ከሥር ተደብቆ መብላቱን ይቀጥላል፤ ባለንብረቱም የሚያውቀው ወለሉ ሲበሳ ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ዝግጅቱ ነው፦

አንደኛ፣ የማዳበሪያና የጨው ቅሪት በዓይን ስለማይታይ ካሶኒውን በብዙ ውኃ አጥቦ በደንብ ማድረቅ፤

ሁለተኛ፣ የተበሳውን አስቀድሞ ማስበየድ፤ ከልባሱ በኋላ መበየድ ልባሱን ያቃጥላል፣ መርዛማ ጭስም ያወጣል፤

ሦስተኛ፣ ቅባቱን በቲነር ማጽዳት፣ ዝገቱንም በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ንጹሕ ብረት እስኪታይ መፋቅ፤

አራተኛ፣ ብረቱ መልሶ ሳይዝግ በዚያው ዕለት ፀረ ዝገት ቀለም መቀባት፤

አምስተኛ፣ የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎችን አለመድፈን።

የአየሩ ጠባይም ይወስናል። ብረቱ ጤዛ ከሚያዝበት ሙቀት ቢያንስ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቅ አለበት። በመንዝና በግሼ ጠዋት ላሜራው ደረቅ ቢመስልም እርጥበት ሊኖረው ስለሚችል፣ ፀሐይ ብረቱን እስክታሞቀው መጠበቅና አመሻሹ ሳይቀዘቅዝ ሥራውን መጨረስ ይገባል። አመቺው ወቅት ክረምቱ ወጥቶ አዲሱ እህል ሳይደርስ ያለው ጊዜ ነው።

የሠራተኛው ጤንነትም ሊታሰብበት ይገባል። ሲረጭ የሚወጣው ጭጋግ ሳንባ ይጎዳል፤ አፍና አፍንጫን በጨርቅ መሸፈን አይበቃም፤ ተገቢው የመተንፈሻ ጭንብል ያስፈልጋል። እህል የሚጫነውም ልባሱ አምራቹ ባዘዘው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው። ዝገት ለመከላከል ተብሎ ወለሉን የተቃጠለ ዘይት መቀባት ግን እህሉን የሚበክል በመሆኑ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

በመጨረሻም፣ ልባሱ ቢቀባም ባይቀባም ከማዳበሪያ ጉዞ መልስ ካሶኒውን መጥረግና ማጠብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሾፌሩና ረዳቱ ይህን መፈጸማቸው በጉዞ መዝገብ ላይ ቢሰፍር፣ የሥራ አመራር ኮሚቴውም መዝገቡን ቢመረምር፣ የጥገና ወጪውም በዓመታዊ በጀት ውስጥ ቢያዝ፣ በሚቀጥለው የምሥረታ በዓል አባላት የሚያዩት ካሶኒው ያልተበሳ መኪና ይሆናል።

መልካም በዓል!