እከክና የዋሸራ በግ
(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




በዛሬው በዓል ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ በቆሎ ገበያ ብዙ ይነገራል። የእኔ ርዕስ እከክ ነው። ለበዓል የሚስማማ ባይመስልም ከቡሬ እስከ ግሽ ዓባይ በየጋጣችን ያለ ጉዳይ ነው።

የአካባቢያችን በግ ዋሸራ ነው። ጠጉሩ አጭር፣ ላቱ ሰፊ፣ ቁመናው ግዙፍ ነው። ይህ በግ አጥር ላይ ሲታከክ፣ ጎኑን በጥርሱ ሲነጭ ስናይ ግን ብዙዎቻችን ዝም ብለን እናልፋለን። የሚታከክ በግ በወጉ አይግጥም፣ አይተኛም፤ ይከሳል፤ እናቲቱ ከሆነች ለግልገሏ ወተት ያንሳታል።

ማሳከኩ አንድ ቢሆንም መነሻው ይለያያል። ስለዚህ መድኃኒት ከመግዛታችን በፊት ጠጉሩን በሁለት እጃችን ገልጠን እንይ። ቅማል ከሆነ ቅማሉም ቅጫሙም በዓይን ይታያል። ባለሙያዎች ኬድ የሚሉት ደግሞ ክንፍ የሌለው የዝንብ ዘር ነው፤ ደም ይመጣል፤ ብዙ ሰው መዥገር ይመስለዋል። መዥገር ስምንት እግር አለው፣ ኬድ ስድስት። ኬድ በብዛት የሚገኘው በደጋና ጠጉረ ረጅም በሆኑ በጎች ላይ ነው። ሦስተኛው ራሱ የእከክ ተባይ ነው። ቆዳ ውስጥ ሰርስሮ ስለሚኖር በዓይን አይታይም። ከከንፈር፣ ከአፍንጫ፣ ከዓይን ዙሪያና ከጆሮ ይጀምራል፤ ቆዳው ይወፍራል፣ ቅርፊት ያወጣል፣ ይሰነጣጠቃል። በፍየል ላይ ይጠናል።

ይህን መለየት ገንዘብ ያድናል። አይቨርሜክቲን የሚባለው መርፌ ለእከክ ተባይ ጥሩ ነው። ደም ሳይመጥ የቆዳ ቅርፊት እየበላ የሚኖረውን የቅማል ዓይነት ግን በሚገባ አይገድልም፤ ለእሱ ርጭት ወይም መንከር ይሻላል።

ርጭቱም አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። መድኃኒቱ ቅጫሙን አይገድልም፤ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ ይፈለፈላል። የኬድ ሙሽሬ ከጠጉር ጋር ተጣብቆ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ስለዚህ ለቅማል በሁለት ሳምንት፣ ለኬድ በአራት ሳምንት መድገም ያስፈልጋል። የሚረጨውም የታመመው ብቻ ሳይሆን መንጋው በሙሉ ነው። እኔ ረጭቼ ጎረቤቴ ካልረጨ በጎቻችን ግጦሽ ላይ ይገናኛሉ።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ፣ በትግራይና በአፋር ክልሎች በዘመቻ ርጭት የተጀመረው ከሌጦው የተነሣ ነበር። ቆዳ ፋብሪካዎች «እከክ» የሚሉት በሌጦ ላይ የሚታይ ነጠብጣብና ጓጎላ ነው፤ ቅማልና ኬድ ያመጡታል። በግ በቁሙ ሳለ አይታይም፤ ጠጉሩ ተነሥቶ ሲለፋ ነው ብቅ የሚለው። ገበሬው ሳያየው ይሸጣል፣ ፋብሪካው አይቶ ደረጃውን ይጥላል።

እዚህ ላይ አመራሮቻችን እንዲያስቡበት የምፈልገው አለ። ሌጦ በፍሬ ከተሸጠ፣ ንጹሑም የቆሰለውም እኩል ከተከፈለበት፣ ገበሬው ለሌጦ ብሎ መድኃኒት አይገዛም። ደግሞም በቅርብ ዓመታት በበዓል ማግስት ሌጦ መንገድ ዳር ተጥሎ አይተናል። ዩኒየኑ ሌጦ በደረጃ ለይቶ ቢገዛ ነገሩ ይለወጣል። እስከዚያው ግን ለበጉ ሥጋና ለግልገሉ ወተት ሲባል መርጨቱ ብቻውን ያዋጣል ባይ ነኝ።

ደጃፋችንን የሚጠብቀው ውሻም ይታከካል፤ ቁንጫ፣ መዥገር ወይም እከክ ይዞት ነው። ለከብት የተገዛውን መርፌ በግምት መውጋት፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ውሻውን ሊገድለው ይችላል። ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይወሰድ፤ የሚተኛበት ቦታም ይጽዳ። የውሻ እከክ ሰውንም ስለሚያሳክክ ልጆች እንዳያቅፉት።

ለርጭት ፀሐያማ ጧት ይመረጥ፤ በጎቹ አስቀድመው ውሃ ይጠጡ። የሚረጨው ሰው ጓንት ያድርግ፣ አፉንና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ትራፊው ወንዝ ውስጥ አይደፋ። መርፌ የተወጋ በግ ለሳምንታት አይታረድምና ለፋሲካ የሚሸጠውን ከወራት በፊት እናክም። ቆዳውም እስከዚያ ለመዳን ጊዜ ያገኛል። የየማኅበሩ ሊቀ መንበር የርጭት ቀኑን ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግሮ ለጎረቤት ማኅበራት ጭምር ያሳውቅ፤ ቀኑ አንድ ይሁን።